የዶሮ ጭንቅላት

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። የቤት ኪራዩን ነገር ጨርስልን ብላችሁኝ ነበር። ይቅርታ፣ ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። ጭንቅላት ስል ደግሞ እንዳትስቁ። አዎ፣ የሚሆነኝ ኮፍያ እስካሁን አልተገኘም።

ማሙሽ ነው። የእህቴ ልጅ። እሁድ ሂሳብ እያስጠናሁት ነው። ሰባት ሲደመር ስምንት። ለአራተኛ ጊዜ። ደክሞኛል፣ ስልኬ ይጮሃል... «አንተ የዶሮ ጭንቅላት!» አልኩት። እየሳቅኩ ነው ያልኩት። መሰለኝ። እሱ አልሳቀም። እርሳሱን አስቀመጠና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። እንዲህ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው። ከዚያ «የዶሮ ምን ያክላል?» አለኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በጣቴ አሳየሁት! ይህችን ታክላለች ብዬ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ማንበብ ጀመርኩ። ዶሮ በዚያች ሚጢጢ አንጎሏ ከ200 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴል አላት። የወፎች ሴል ትንንሽ ነው፣ ተጠጋግቶ ነው የሚቀመጠው። ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ያለው ታክሲ በሉት። በጣቴ ያሳየሁት ነገር ታዲያ ምን ነበር?

ደግሞ ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም። የአንድ የአፍሪካ ዝሆን አንጎል ሲቆጠር 257 ቢሊዮን ሴል ተገኘበት። የእኛ 86 ቢሊዮን ነው። ሦስት እጥፍ! ግን የዝሆኑ ወደ 98 በመቶ የሚጠጋው ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ቅርፊት፣ ለማሰብና ለማቀድ ዋናው የሚባለው፣ 5.6 ቢሊዮን ብቻ ነው ያለው። የእኛ 16 ቢሊዮን። ያ ሁሉ ሴል ኩምቢውን ለማዘዝ ይሆናል የሚሉ አሉ። ኩምቢ ቀላል ነገር ነው እንዴ? እስቲ በአፍንጫችሁ አንዲት ኦቾሎኒ አንሱ።

የሩሲያዊው ደራሲ የቱርጌኔቭ አንጎል ሁለት ኪሎ ገደማ ነበር። የፈረንሳዊው ደራሲ የአናቶል ፍራንስ አንድ ኪሎ አካባቢ፣ እሱ ደግሞ በ1921 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወሰደ። ከኮፍያዬ ጋር ምን ያገናኘዋል? ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።

ብቻ ትናንት ሄድኩ። «ዶሮ እኮ 200 ሚሊዮን...» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔስ?» አለ።

«86 ቢሊዮን!»

ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ለምን...» ብሎ ተወው።

ለምን ምን? አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ስል እናቱ ምሳ ብላ ጠራችን። እና እኔ... ቆይ፣ ስልኬ ነው። እሷው ናት።