የበሽታዬን ስም ንገሩኝ

የዓለም የሶሪያሲስ ቀንን ምክንያት በማድረግ ለታማሚዎች፣ ለቤተሰቦችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ የወረፋ ጓደኞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ ጥቅምት 19 ነው። ዓለም ሶሪያሲስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሚያስብበት ቀን። አዘጋጆቹ "ስለ በሽታው ምንነትና አያያዝ ንገሪን" ብለውኛል። እናገራለሁ። ግን የመጣሁበት አንድ ጉዳይ አለኝ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀምጠናል። ቅባት ሲያልቅብን ተበዳድረናል። በጠራራ ፀሐይ ረጅም እጅጌ የለበሰ ሰው ስናይ ሳንነጋገር ተግባብተናል። ከእናንተ የምደብቀው የለኝም።

እኔን የጀመረኝ በ19 ዓመቴ ነው። ቶንሲል አሞኝ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሆዴና ጀርባዬ ላይ ጠብታ ጠብታ የሚያክል ነገር ወጣብኝ። እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሸችኝ። ጠፋ። በዓመቱ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ተመለሰ። አሁን ወፍራም ሆኗል፤ ከላዩ አመድማ ቅርፊት ይረግፋል። ጠዋት ጠዋት አንሶላዬን ሰው ሳያየኝ አራግፍ ነበር። ጥቁር ልብስ መልበስ ተውኩ። አንዱ ክሊኒክ ጭርት ነው አለኝ። ሌላው ችፌ ነው አለኝ። ጭንቅላቴ ላይ ሲወጣ ደግሞ ፎረፎር ነው ተባልኩ። ብዙዎቹማ ምንም አላሉኝም። ሰባት ዓመት ዞርኩ። ከሁሉም ዘንድ ቅባት ይዤ ወጣሁ። የበሽታዬን ስም ግን የሰጠኝ አልነበረም።

ስም ማጣት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

26 ዓመቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ልትዳር ነው። የሠርጉ ሊጥ በትልቅ በርሜል ቦክቷል። ሽሮና በርበሬው ተሰናድቷል፣ ጓዳው በሴቶች ተሞልቷል። በቤተሰባችን አብሲት ስጥል እጄ ይወደዳል። ስለዚህ አክስቴ የጠራችው እኔን ነው። እጅጌዬን እስከ ላይ ሰብስቤ አብሲቱን ጣልኩ። ማማሰል ጀመርኩ። እንጀራው ዓይኑ እንዴት እንደሚያምር እያሰብኩ ደስ ብሎኛል። ደስታው ክርኔን አስረሳኝ።

አንዲት የሰፈር እናት ቀረብ ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። ክፉ ሴት አይደሉም። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት ነው። ጓዳው ጸጥ አለ። ሽንኩርት የሚከትፉት ቢላዋቸውን ያዝ አደረጉ። ሁሉም እኔን ያያሉ።

"አላውቅም" አልኩ።

ምን ልበል? እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። አላውቅም ያለች ልጅ እጇን የከተተችበትን ሊጥ ማን ለእንግዳ ያቀርባል? ሁለት ሴቶች በርሜሉን ግራና ቀኝ ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዱት። አክስቴ ጤፉን በእጇ ለቅማ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ ያስፈጨችው ነው። ሲደፋ የተሰማኝ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አክስቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ነጠላዬን አምጥታ ክርኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ። እኔም በጓሮ በኩል ወጥቼ ሄድኩ። ሠርጉ ላይ አልተገኘሁም። የአክስቴ ልጅ ዛሬ ሦስት ልጆች አሏት፤ የሠርጓን ፎቶ እስካሁን ማየት አልችልም።

ያን ቀን "ሶሪያሲስ ይባላል፣ አይተላለፍም" ማለት ብችል ኖሮ ሊጡ ይደፋ ነበር? ምናልባት ይደፋ ይሆናል። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ በጓሮ አልወጣም ነበር።

ስሙን ያገኘሁት በዓመቱ ነው። አንዲት ወጣት የቆዳ ሐኪም ክርኔን አየች። ከዚያ "ጥፍርሽን አሳዪኝ" አለችኝ። ጥፍሬ ላይ በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስሉ ነጥቦች አሉ፤ ከዚያ በፊት ማንም ጥፍሬን አይቶ አያውቅም። "ጠዋት ስትነሺ ጣቶችሽ እምቢ ይሉሻል?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፦ ሶሪያሲስ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት እስከ ዛሬ መታወቂያዬ ውስጥ ይዣታለሁ።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰውነታችን ከጀርም የሚከላከሉለት ነጭ የደም ሴሎች አሉት። በእኛ ሰውነት ውስጥ እነዚህ ሴሎች ጠላት በሌለበት የገዛ ቆዳችን ላይ ይዘምታሉ። ቆዳው ያብጣል፣ ይቆጣል፣ "ፍጠን" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የጤነኛ ሰው ቆዳ ከሥር ተፈጥሮ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። የእኛ ግን ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ላይ ይደርሳል። ሊጥ ሳይቦካ ከተጋገረ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የእኛም ቆዳ ጊዜው ሳይደርስ ይወጣል፣ የቀደመው ሳይረግፍ ሌላው ይደረብበታል። ያ ቅርፊት ይኸው ነው። ቆሻሻ አይደለም። ፈንገስ አይደለም። ከእኔ ክርን ወደ ሊጡ፣ ከሊጡ ወደ እንግዳው የሚሄድ ምንም ነገር የለም።

ዝንባሌው በዘር ይመጣል። ግን ዝንባሌው ያለው ሁሉ አይታመምም። የሚቀሰቅስ ነገር ይፈልጋል። የእኔን የቀሰቀሰው ቶንሲሉ ነው። ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል፤ ሲጋራና መጠጥ ያብሱታል። ቁስልና ጭረትም እንዲሁ። አንዳንድ የደም ግፊትና የወባ መድኃኒቶችም ያስነሱታል። ስለዚህ ለሌላ በሽታ ስትታከሙም ሶሪያሲስ እንዳለባችሁ ተናገሩ። መናገር የምትችሉት ግን ስሙን ስታውቁ ነው!

በአውሮፓ ይህ በሽታ ከሥጋ ደዌ ጋር ሲምታታ ስንት ዘመን ኖሯል። ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ የሚባል ሐኪም ቪየና ላይ ሁለቱን በግልጽ የለያቸው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ተሰብስበው የማይተላለፍ፣ ሥር የሰደደ፣ የሚያሠቃይ በሽታ ነው ብለው ውሳኔ አሳለፉ። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው የአክስቴ ደጅ ላይ ሊጥ የሚደፋው!

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ድካማችሁን አያለሁ። ወረፋው ከበር አልፎ ሲሄድ አያለሁ። በመጻሕፍቱ ላይ ያለው ፎቶ ብዙውን ጊዜ የነጭ ሰው ቆዳ መሆኑንም አውቃለሁ። ቀይ ፈልጉ ይላል። የእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል፣ ግራጫ ይሆናል። ልትስቱት ትችላላችሁ፤ ይህ ይገባኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ያወቃችሁትን ስም ለምን ትደብቁናላችሁ? የቅባቱን ስም ትጽፋላችሁ፣ የበሽታውን ስም ለምን ትተዉታላችሁ? "ቢነገራት አይገባትም" የምትሉ ካላችሁ፣ ይኸው ገብቶኛል! ቆዳው የእኔ ነው! ስሙን ማወቅ መብቴ ነው!

ስም የሌለው ሰው ቅባት ያሳድዳል። እኔም አሳድጃለሁ። ያለ ማዘዣ ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት፣ የቆዳ ቁጣን የሚያበርደውን፣ እየገዛሁ ሁለት ዓመት ተቀባሁ። በሳምንት ያጠፋዋል። ስታቆሙት ብሶ ይመለሳል። ጭኔ ላይ ቆዳው ሳስቶ ሸንተረር ወጥቶበታል፤ እሱ አይጠፋም። ከዚያ የባሰው ዴክሳ፣ ማለትም ዴክሳሜታዞን የሚባለው የሚዋጥ ስቴሮይድ ነው። ኪኒን ዴክሳ እየዋጡ ቆይተው በድንገት ሲያቆሙ መላ ሰውነታቸው መግል ቋጥሮ ሆስፒታል የሚገቡ አሉ። ስቴሮይድ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። በሐኪም እጅ፣ በልኩ፣ በጊዜው ትልቅ መድኃኒት ነው።

አያያዙን በአጭሩ ልበል። ገላችሁን በድንጋይ አትፈግፍጉ፤ የተላጠው ቦታ ላይ አዲስ ይወጣል። ታጥባችሁ ገላችሁ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀቡ። ቅርፊቱን የሚያለሰልስ የሳሊሲሊክ አሲድ ቅባት አለ። የብርሃን ሕክምናም አለ። የፀሐዩን ነገር ከሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ፤ መቃጠል ያብሰዋል። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት የታዘዘላችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው! በየቀኑ የዋጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ከመጠጥ ጋር አይሄድም፤ እርጉዝ ሴት አትወስደውም፤ የደም ምርመራው አይዘለልም። ጠዋት መገጣጠሚያችሁ የሚገትር ከሆነ ዝም አትበሉ፤ በሽታው መገጣጠሚያ ይበላል፣ የተበላው አይመለስም።

ጠበል ለምትሄዱ፣ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቴን ግን አላቋርጥም።

ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ለወራት ጸጥ ብሎ የሚተኛበት ጊዜ ግን አለ። የእኔ ክርን ዘንድሮ ከፋሲካ ጀምሮ ንጹሕ ነው፤ እጅጌዬን ሰብስቤ የቆምኩት ለዚህ ነው።

አሁን ሻይ ቡና አለ። ሦስት የቆዳ ሐኪሞች በስተግራ ያለው ጠረጴዛ ጋ ይቀመጣሉ። መግቢያው ላይ ነጭ ወረቀት ተሰጥቷችኋል። ስሙ ያልተነገረው ሰው ካለ፣ ወረቀቱን ይዞ ይሂድና "ጻፉልኝ" ይበል። አመሰግናለሁ።