አምስት ደብተር፣ አንድ የጎደለ ድምፅ

[ምስል፦ አምስት አነስተኛ ጥንታዊ ደብተሮች ጎን ለጎን]

እነዚህ የመዝሙር ኖታ ደብተሮች ያሉት ኦክስፎርድ፣ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ነው። ሲጻፉ ስድስት ነበሩ። የቴነሩ፣ ማለትም የቀጭኑ የወንድ ድምፅ፣ ደብተር ዛሬ የለም።

ጸሐፊያቸው ጆን ቦልድዊን ይባላል፤ በእንግሊዝ፣ በዊንድዘር ቤተ ጸሎት ዘማሪ ነበር። ሥራውን የጀመረው በ1570ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ስድስት? በዚያ ዘመን እንግሊዝ የዘማሪዎቹ ድምፆች ብዙውን ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ተደራርበው አይጻፉም ነበር። ባሱ (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) የራሱ ደብተር አለው፣ ሶፕራኖውም (ከሁሉ ቀጭኑ ድምፅ) የራሱ። ወረቀት ውድ ነው፤ ዘማሪውም የሚፈልገው የራሱን መስመር ብቻ ነው። ጣጣው የሚመጣው አንዱ ደብተር ሲጠፋ ነው። አንድ ወይም ሁለት መዝሙር አይደለም የሚጎድለው። ከ160 በላይ ሥራዎች ቴነራቸውን አብረው ያጣሉ።

[ምስል፦ የጆን ሼፐርድ ስም ያለበት ገጽ]

በጣም የተጎዳው እንግሊዛዊው የመዝሙር ደራሲ ጆን ሼፐርድ ነው። የሞተው በ1558 ነው፣ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በነገሠችበት ዓመት። በዓመቱ አምልኮው በሕግ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ የሼፐርድ የላቲን መዝሙሮችም ሥራ ፈቱ። ቦልድዊን ግን ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ቁጭ ብሎ ገለበጣቸው። በቤተ ክርስቲያን በማይዘመር ነገር ላይ ይህን ያህል መድከም፣ እኔን በጣም ይገርመኛል። አብዛኞቹ እኛ ዘንድ የደረሱት በእሱ ብዕር ነው።

ታዲያ የጠፋው ቴነር እንዴት ይመለሳል? አንዳንዱ ቀላል ነው፤ ሌላ ሰው ገልብጦት ከነበረ ከዚያ ይወሰዳል። አንዳንዱ ደግሞ ደስ የሚል መንገድ አለው። ሼፐርድ ብዙ ጊዜ ለቴነሩ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያኑን የቆየ ነጠላ ዜማ ነው፣ በረጃጅምና እኩል ኖታዎች። ይህ ዜማ በሶልዝበሪ ሥርዓት፣ ማለትም በድሮው የእንግሊዝ የላቲን አምልኮ ሥርዓት፣ የዜማ መጻሕፍት ውስጥ አለ። አጥኚው የመዝሙሩን ቃል ይዞ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ዜማውን ያገኛል፣ ከአምስቱ ድምፆች ጋር ያገጣጥመዋል። ከገጠመ፣ ገጠመ ነው።

ነጠላ ዜማ ከሌለስ? ያኔ ሥራው ከበድ ይላል። ባሱ አንድ ሐረግ ይጀምራል፤ አልቶው (ከሶፕራኖ ዝቅ ያለው ድምፅ) ጥቂት ምት ቆይቶ ያንኑ ሐረግ ይደግማል። ሌሎቹ ተራ በተራ ሲገቡ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ይሰማል። ቴነሩ የሚገባው እዚያ ነው። የቀረውን አጥኚው በዘመኑ ስልት ራሱ ይደርሰዋል። ጥሩ ጆሮ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

[ምስል፦ ቀለሙ ወረቀቱን የበላው ገጽ]

ደብተሩ ሳይጠፋ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። ጆን ሳድለር የሚባል ሌላ ገልባጭ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፋቸው ደብተሮች በኦክስፎርድ፣ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቀለሙ አሲድ ስላለበት ወረቀቱን በልቶታል፤ የኋላው ገጽ ኖታ ከፊተኛው ጋር ተቀላቅሏል። የኒውካስልና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ገጾቹን ፎቶ አንስተው ኮምፒውተር ላይ እየለቀሙ አጸዱአቸው። ዋናው ወረቀት አልተነካም።

በነገራችን ላይ፣ ደብተር እንዳይበታተን መላ የዘየዱም ነበሩ። ደራሲው ጆን ዳውላንድ በ1597 ባሳተመው የሉት (ክራር መሰል ባለ አውታር መሣሪያ) መዝሙር መጽሐፍ ድምፆቹ በአንድ ግልጥ ላይ ወደተለያየ አቅጣጫ ዞረው ታትመዋል። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ዘማሪዎቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ ሁሉም የየራሱን ያነባል።

[ምስል፦ በዘመናዊ ኖታ የተጻፈ ገጽ]

እንዲህ ያለ ሙዚቃ ገልብጣችሁ ለማካፈል ካሰባችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በድሮው ጽሑፍ የባር መስመር፣ ማለትም ምቱን የሚከፋፍለው ቋሚ መስመር፣ የለም፤ ኖታን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሻርፕና ፍላትም ብዙ ጊዜ ለዘማሪው ይተዋሉ። እናንተ የምትጨምሩትን ከኖታው በላይ በትንሹ ጻፉት፣ የማን እንደሆነ እንዲለይ።

ሁለተኛው የቅጂ መብት ነው። ሼፐርድ ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ከቦልድዊን ደብተር ራሳችሁ የምታነቡትን ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ መጫን ይቻላል፤ ከ1998 ጀምሮ የመዘምራን ኖታ በነፃ የሚሰበስብ ድረ ገጽ አለ። ከዘመናዊ ሕትመት ስትገለብጡ ግን መቅድሙን አንብቡ። ቴነሩን የደረሰው አጥኚ ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ያን መስመር ለመጫን የእሱን ወይም የአሳታሚውን ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ።