ከስሙ በፊት ቀዬው

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ከእናንተ መካከል በጋብቻ ከአየርላንድ ዝርያዎች ጋር የተዛመዳችሁ፣ ልጆቻችሁም «የእናታችን ወገን ከየት መጣ?» እያሉ የሚጠይቋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እዚህ ቦስተን በቤተ መጻሕፍት ስሠራ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ለዓመታት አስተናግጃለሁ፤ አብዛኞቹ በእጃቸው ያለው የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። መርፊ በአየርላንድ ከሁሉ የበዛ የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ በእርሱ ብቻ ዘመድ መፈለግ መርካቶ መሐል ቆሞ «ተስፋዬ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቀዬው ነው። አየርላንድ «ታውንላንድ» በሚባሉ ከ60,000 በላይ ትናንሽ የመሬት ክልሎች የተከፋፈለች ናት፤ ስያሜው ከተማ ቢያስመስለውም፣ አብዛኛው ጥቂት ገበሬዎች የሚያርሱት ቀዬ ነው።

ወደ መሬትና ወደ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት የምንሄደው ሌላው ስለጠፋ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በጁን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ደብሊን የሚገኘው የመዛግብት ቤት ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በቀር አብረው ነደዱ። ቀጥለው የመጡትን አራት ቆጠራዎች መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ስለነበር፣ ሙሉ ሆኖ የተረፈው ቀዳሚው ቆጠራ የ1901ዱ ነው። ከ1845 በኋላ በድንች ረሃብ ምክንያት የተሰደዱት ሰዎች እዚያ ላይ የሉም።

የእነርሱ ስም የተረፈው በግብር መዝገብ ላይ ነው። ከ1823 እስከ 1837 ለአየርላንድ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው አሥራት ሲተመን፣ ካቶሊኩም ጭሰኛ ሳይወድ ተመዝግቧል። ከ1847 እስከ 1864 ደግሞ በሪቻርድ ግሪፊዝ መሪነት የአገሩ ይዞታ ሁሉ ለግብር ተገመተ። የዚህን መዝገብ አንድ ገጽ ስታዩ፣ የጭሰኛው ስም፣ አጠገቡ ያከራየው ሰው ስም፣ የመሬቱ ስፋትና ግምቱ፣ ከካርታ ጋር የሚያገናኘውም ቁጥር በረድፍ ተቀምጠው ታገኛላችሁ። «ቤት፣ ኦፊስና መሬት» የሚለው አገላለጽ ብዙዎችን ስላሳሳተ፣ አያታቸው ጽሕፈት ቤት የነበረው የመሰላቸው ሰዎች ገጥመውኛል፤ ኦፊስ የተባለው በረት ወይም ጎተራ ነው። በአንድ ቀዬ ሁለት ጆን መርፊዎች ሲኖሩ መዝጋቢው ብዙ ጊዜ የአባታቸውን ስም በቅንፍ ጨምሮ ይለያቸዋል፤ ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

የግምቱ መዝገብ በመሠረቱ ይዞታው በስሙ የነበረውን ሰው ብቻ ይጠቅሳል፤ ሚስትና ልጆች የሚገኙት ከቄሱ ዘንድ ነው። የካቶሊክ የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት በየቁምስናው ይቀመጡ ስለነበር ከእሳቱ ድነዋል፤ በአመዛኙ እስከ 1880 ያሉትን የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ብዙዎቹ በላቲን ስለተጻፉ ጄምስ «ያኮቡስ»፣ ዊልያም «ጉሊየልሙስ» ሆኖ ይመጣል። የጥምቀት መዝገቡ ብዙውን ጊዜ የእናትን የትውልድ ቤተሰብ ስምና የክርስትና አባትና እናትን ስለሚይዝ፣ እኔ ከሕፃኑ ስም ይልቅ እነዚህን አስቀድሜ አነባለሁ፤ የክርስትና ወላጆች ብዙ ጊዜ አጎትና አክስት ናቸው።

የቀዬው ስም ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አየርላንድ ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ነው። «ቦስተን ፓይለት» የተባለው ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 የጠፉ ዘመዶች ማፈላለጊያ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር፤ እኅት ወንድሟን ስትፈልግ አውራጃውንና ቁምስናውን፣ አንዳንዴም ቀዬውን ትጠቅሳለች። ስለዚህ ወደ እኔ ስትመጡ የቤተሰቡን ስም ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፤ የአማታችሁን የጸሎት መጽሐፍ፣ በውስጡ የተቀመጠውን የቀብር ካርድ፣ የአያት የመቃብር ድንጋይ ፎቶግራፍም አምጡልኝ፤ ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነገር ካለ እንዳታጠፉት።