አንድ ሙሉ ገጽ ስለ ዕዳ

(በአንድ መስጂድ የአዋቂዎች የማታ ቁርአን ክፍል ኸትም፣ ማለትም ቁርአንን ቀርቶ የመጨረስ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።

የተከበራችሁ ሸሆቻችን፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ዛሬ ያኸተማችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ቀኑን ሱቅ ላይ ውላችሁ፣ ማታ ደክሟችሁ እየመጣችሁ ከአሊፍ ባ ነው የጀመራችሁት። የመጀመሪያውን ማታ አልረሳውም። አንዲት እናታችን በርበሬ ስትሰፍር የዋለች ጣቷን "ባ" ላይ አድርጋ፣ ከሥር ያለችውን ነጥብ ትፈልግ ነበር። ዛሬ ያቺው ጣት የመጨረሻዋ ምዕራፍ ሱረቱ ናስ ላይ ደረሰች። አልሐምዱሊላህ።

ስለ ቁርአን መቅራት ትሩፋት እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። ትሩፋቱን እናንተ በድካማችሁ አውቃችሁታል። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ ስለ አንድ ገጽ ብቻ ልናገር።

በእጃችሁ ያለውን ባለ 15 መስመር የመዲና ሙስሐፍ፣ የቁርአን መጽሐፋችሁን፣ ገጽ 48 ላይ ግለጡት። ከላይ እስከ ታች አንድ አንቀጽ ብቻ ነው። ሱረቱል በቀራ፣ 282ኛው አንቀጽ። በቁርአን ውስጥ ከእሷ የሚረዝም አንቀጽ የለም። ጌታችን ረጅሙን አንቀጽ ስለ ምን ያወረደው ይመስላችኋል? ስለ ብድር ነው። እኛ በየቀኑ ስለምንሰጠውና ስለምንቀበለው ብድር።

ገጹን ቀስ ብለን እንየው። "እናንተ ያመናችሁ ሆይ" ብሎ ይጀምራል። እስከ ተወሰነ ጊዜ ብድር ስትዋዋሉ ጻፉት ይላል። ጸሐፊው በትክክል ይጻፍ፣ አልጽፍም አይበል። የሚያስጽፈው ደግሞ ዕዳው ያለበት ሰው ነው።

እዚህች ላይ ቆም በሉልኝ። የሚያስጽፈው ተበዳሪው ነው። ብዙ ጊዜ ብር ያለው ሰው ይናገራል፣ የቸገረው አንገቱን ደፍቶ "እሺ" ይላል። አላህ ግን ቃሉን ለቸገረው ሰው ሰጠው። "ይህን ያህል ወስጃለሁ፣ በዚህ ጊዜ እመልሳለሁ" የሚለው እሱ ነው። አላህን ይፍራ፣ ካለበትም ምንም አያጉድል። ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ኃላፊው በትክክል ያስጽፍለት። ሁለት ወንዶች ይመስክሩ፤ እነሱ ከሌሉ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ብትዘነጋ ሌላዋ እንድታስታውሳት። ምስክር ሲጠራ እምቢ አይበል። ጸሐፊውም ምስክሩም አይጎዱ። እጅ በእጅ የሆነ ግብይት ባይጻፍ ግን ኃጢአት የለበትም።

ከዚያ መሃል አንድ ቃል አለች፣ እኔን ሁሌ የምታስገርመኝ። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከነቀጠሮው ለመጻፍ አትሰልቹ ይላል። ጌታችን ያውቀናል። እንሰለቻለን። "ኧረ ለሺህ ብር ምን ወረቀት ያስፈልጋል!" እንላለን።

ይህች አንቀጽ መዲና ላይ ስትወርድ መጻፍ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር። ዐረቦች ግጥማቸውንም ዘራቸውንም በቃላቸው ነበር የሚይዙት። በማስታወስ የሚኮራ ሕዝብ "ጻፍ" ተባለ። ቀድሞም ሒራ ዋሻ ውስጥ "አንብብ" ብሎ የጀመረው ወሕይ፣ የአላህ ራእይ፣ ጥቂት አንቀጽ ሳይርቅ ብዕርን አንስቷል። "ያ በብዕር ያስተማረ" ይላል። ብዕሩ እንግዲህ ኪታብ ለመገልበጥ ብቻ አልነበረም። ሱቅ ድረስ ወረደ።

አሁን ስለ አባቴ ልንገራችሁ፤ አላህ ይዘንለት። ነጋዴ ነበር። ይህችን አንቀጽ በቃሉ ያውቃት ነበር። ሱብሂ ሰግዶ ሲቀራት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታዲያ የልብ ወዳጁ የጭነት መኪና ሊገዛ ብር ጎደለውና አባቴ ሞላለት። ወረቀት የለም። ምስክር የለም። "በእኔና በእሱ መሃል ወረቀት ይገባል?" ብሎ ለእናቴ እንደነገራት አስታውሳለሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሰውየው ድንገት ሞተ። ጀናዛው ላይ ከአባቴ ጎን ቆሜ ነበር። ሶላቱ ሊሰገድ ሲል ትልቁ ልጅ ወደ ፊት ወጣ። ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "አባታችን ላይ ዕዳ አለኝ የሚል ካለ ይንገረን፣ እኛ እንከፍላለን፤ ያስቀየማችሁ ከሆነም አውፍ፣ ይቅር በሉት" አለ። ሰዉ ሁሉ "አውፍ ብለናል" አለ። አባቴ የጫማውን ጫፍ እያየ ዝም አለ። ቤት ስንገባ እናቴ "ለምን አልተናገርክም?" አለችው። "በምን ላስረዳ? ሬሳ ላይ ውሸታም ልባል?" አላት።

ብሩን አውፍ ብሎታል፤ ይህን እኔ ራሴ ከአፉ ሰምቻለሁ። ግን ሆዱ ውስጥ የቀረ ነገር ነበር። ያ ልጅ ሱቃችን ሲመጣ አባቴ ዓይኑን አያየውም። ቀስ በቀስ የኢድ ቀን መጠያየቁም ቀረ። ልጆቹ ምን እንዳጠፉ እስከ ዛሬ አያውቁም። አንድ ቁራጭ ወረቀት ብትኖር ኖሮ ሁለት ቤት እንደተዋደደ ይቀር ነበር። ገጹም ቤታችን ውስጥ ነበር። በየቀኑ ይቀራ ነበር።

ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ያነሳሁት። ቁርአንን በምላሳችን እንወደዋለን፣ በድምፁ እናለቅሳለን፤ ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። የነቢዩ ባልደረቦች፣ ሰሐባዎች ግን አንቀጽ ሲሰሙ ኑሯቸውን ነበር የሚቀይሩት።

ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም አንድ ጀናዛ ቀረበላቸው። "ዕዳ አለበት?" ብለው ጠየቁ። "ሦስት ዲናር" ተባሉ። "የተወው ነገር አለ?" "የለም።" "በጓደኛችሁ ላይ ስገዱ" ብለው እሳቸው ሊሰግዱ አልወደዱም። ሰሐባው አቡ ቀታዳ፣ "የአላህ መልእክተኛ ሆይ፣ ይስገዱበት፤ ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን" ሲል ያን ጊዜ ሰገዱ። ሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግቦታል። በኋላ አላህ ሲሰጣቸው፣ ዕዳ ትቶ ለሚሞት ሙእሚን ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። ከብድሯ አንቀጽ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ መንገድ ላይ ሆናችሁ ጸሐፊ ካልተገኘ መያዣ ይሰጥ ይላል። የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዓኢሻ እንደነገሩን፣ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ሲሞቱ የጦር ልብሳቸው አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በ30 ቁና ገብስ ተይዞ ነበር። ገብስ እንኳ በመያዣ ነው የወሰዱት።

ዑለማዎቻችን በዚህ አንቀጽ ላይ ብዙ ተነጋግረዋል። አብዛኞቹ መጻፉ የተወደደ ነው፣ ግዴታ አይደለም ብለዋል። ምክንያታቸውም የሚቀጥለው አንቀጽ "ከፊላችሁ ከፊሉን ቢያምን፣ የታመነው አማናውን ያድርስ" ስለሚል ነው። ግዴታ ነው ያሉም አሉ። እኔ ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብይን ልሰጥ አልቆምኩም። ግን የተወደደ ማለት የተተወ ማለት አይደለም።

ትልቁ ጠላታችን ይሉኝታ ነው። "ጻፍልኝ" ማለት "አላምንህም" ይመስለናል። አላህ ግን ትእዛዙን የሰጠው ለማያምኑ አይደለም፤ "እናንተ ያመናችሁ" ብሎ ነው የጠራን። ደግሞ ቴሌብር አለ፣ ማስረጃው ስልኬ ላይ ነው አትበሉ። ስልኩ ብር መላካችሁን ይናገራል። ብድር ይሁን፣ ስጦታ ይሁን፣ የሸቀጥ ክፍያ ይሁን አይናገርም። ቀጠሮውንም አይናገርም።

አበዳሪዎችም ጆሯችሁን ስጡኝ። ከዚህች አንቀጽ ሁለት አንቀጽ ቀደም ብሎ፣ ተበዳሪው ከቸገረው እስኪያገኝ ጠብቁት፣ ብትተዉለት ደግሞ ይበልጥላችኋል የሚል አለ። ወረቀቱ ሰው ማነቂያ አይደለም። ጻፉ፣ ቀጠሮው ሲደርስ ሰውየው ካልሞላለት ጠብቁት።

የመጣሁበትን ላድርስና ልቀመጥ። ባለፈው ዓመት እዚህ መሃል ከተቀመጠ አንድ ወንድሜ 60 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ። እሱም ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ሳልጽፍለት ቀረ። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ አፈርኩ። ዛሬ ጠዋት በእጄ ጽፌዋለሁ፤ 60 ሺህ ብር፣ እስከ ሚቀጥለው ረመዳን መግቢያ። ወረቀቱ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። የቀረው የምስክር ፊርማ ነው። ከመግሪብ በኋላ ከዛሬ አኸታሚዎች ሁለታችሁ ኢማሙ በሚቆምበት ሚህራብ አጠገብ ጠብቁኝ፤ እስክሪብቶ እኔ ይዣለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።