ኔትወርክ ጠፋ

እሺ። እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ?

ከኋላ የምትሰሙት እሱ ነው። አዎ፣ አለቃ። ገና ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በዚህ ሰዓት ዶሮ ምን እንደሚያስጮኸው አላውቅም። ለፋሲካ አይተርፍም ብላችሁ የተወራረዳችሁ፣ ተርፏል። ሒሳባችሁን ተሳሰቡ።

ዛሬ ስለ ዳታ ነው የማወራው። አውቃለሁ፣ ሁሌም ስለ ዳታ ነው የማወራው። የዛሬው ግን ስለ ፍጥነት አይደለም። ወይም… በፍጥነት ልጀምርና የሚወስደኝ ቦታ ይውሰደኝ።

ድምፅሽ ለምን ይቀጥናል የምትሉኝ አላችሁ። የሚቀጥነው ከኪሴ የተነሳ ነው። እንዳለ፣ ሳላምቀው ልላክ ብል የአንድ ሰዓት ድምፅ ከ300 ሜጋ በላይ ይወስዳል። በ64 ኪሎቢት ሳምቀው ወደ 29 ሜጋ ይወርዳል። 29 ሜጋ ደግሞ ዘጌ ላይ ሆነሽ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ በሌሊት ፓኬጅ የሚላክ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ጸሎት ይፈልጋል።

አንቴና ጣሪያ ላይ ስቀይ ያላችሁኝም አላችሁ። እማማን ጠየቅኳት። "መብረቅ ልትጠሪብኝ ነው?" አለች። ነገሩ እዚያው ተዘጋ።

ስለዚህ አሁንም የስልኬ ዙፋን ያው ነው። በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት፣ የሞሰቡ ክዳን፣ ከላዩ ስልኬ። ሞሰቡ ክዳን አጥቶ መቅረቱን እማማ በየቀኑ ታስታውሰኛለች። ግን ሌላ ቦታ አይሆንም። ወደ ጓሮ፣ ወደ ቡናው ገባ ካላችሁ አለቀ። ቡናው ያለው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው፤ ቅጠል ደግሞ፣ በተለይ በክረምት ውሃ ሲሸከም፣ ሲግናሉን ይበላዋል። በሐይቁ በኩል ግን የሚከልል ነገር የለም። ስልኬና ታወሩ በውሃው ላይ ነው የሚነጋገሩት። ደመወዜን የሚያስከፍለኝ ጣና ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሲደክመው ፎርጂው ስሪጂ ይሆናል። ከዚያ የቀርፋፋው ኔትወርክ ምልክት፣ "ኢ" የምትለዋ ፊደል ብቅ ትላለች። እሷ ከመጣች እኔ ሻይ እጥዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። እነዚያ ከላይ የሚታዩት አራት መስመሮች የሚነግሯችሁ ስልካችሁ ታወሩን ምን ያህል እንደሚሰማው ነው። ታወሩ በስንት ሰው እንደተያዘ አይነግሯችሁም። ማታ ሁሉም ሰው ቲክቶክ ላይ ሲሆን አራቱም መስመር ሞልቶ አንዲት ፎቶ አትከፈትም። ሙሉ ነው ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ባዶ ከሆነ ግን ባዶ ነው። ይሄን ያዙልኝ።

እሺ። ውጤት የተለቀቀ ዕለት ማታ ነው። የ12ኛ ክፍል።

መብራት የለም። መብራት ሲሄድ ታወሩ ጥቂት ሰዓት በባትሪው ይቆያል፣ ከዚያ እሱም ይከተላል። ስለዚህ ቸኩለናል። የጎረቤታችን ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ልጁን ታውቁታላችሁ፤ የሆትስፖቱን ፓስወርድ መጀመሪያ የገመተው እሱ ነው። አዎ፣ "አለቃ" ነበር፣ በቃ ሳቁ። ቀይሬዋለሁ። የቀየርኩትንም ደርሶበታል።

"እታለም፣ በአንቺ ሳይሻል አይቀርም" አለኝ። የሱ ስልክ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ግማሹ አይነካም። አባቱ በሩ ላይ ቆሙ። "ይግቡ እንጂ ጋሼ" ብላቸው፣ "አይ፣ እግሬ ጭቃ ነው" አሉ።

ስልኩን ከዙፋኑ አወረድኩለት። መስኮት ላይ ተንጠላጥለህ ውጤትህን እይ አይባልም። የመለያ ቁጥሩን አስገባ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች። ዞረች። አራቱም መስመር ሙሉ ነው፤ ግን በዚያች ሰዓት አገር ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ነው። "እንደገና ሞክር" አልኩት። ነጭ ገጽ። እንደገና። አንድ ጊዜ ስሙ ወጣ። የሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ ስም። ከዚያ ቆመ። እኔ ከኋላው ነኝ። ትከሻው ስክሪኑን በግማሽ ከልሎታል።

አባቱ ከበሩ ሆነው "ምን አለ?" አሉ።

ልጁ ዝም አለ። ረጅም አይደለም። አንድ ትንፋሽ ቢሆን ነው።

"ጠፋ" አለ። "ኔትወርኩ ጠፋ፣ አባ።"

ስልኩን መለሰልኝ። ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

አባቱ "ይሁን፣ ነገ ባሕር ዳር ስሻገር እናየዋለን" አሉ። ከዚያ ለማን እንዳሉት ሳይታወቅ "ቡናው የት ይሄዳል" አሉ። አመሰገኑኝ። "እማማን ሰላም በያት" አሉኝ። ሄዱ።

ገለበጥኩት። ገጹ ሙሉ ነው። ስሙ፣ ትምህርቶቹ፣ ቁጥሮቹ፣ ድምሩ። ሁሉም ወጥቷል። አራቱም መስመር በቦታቸው አሉ። ምንም የጠፋ ነገር የለም።

ስንት አመጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አልናገርም። በውስጥ መስመርም አትጻፉልኝ።

እኔን የያዘኝ ያቺ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ ናት። አይቶት ነው? ወይስ ሳያየው፣ ሊመጣ መሆኑን አውቆ ነው ያቆመው? እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ልጆች ናቸው። አይቶት ከሆነ አባቱ ፊት ላለማንበብ ነው፣ ይገባኛል። ሳያየው ከሆነ ግን… አንድ ምሽት ጨምሮ ሳያውቅ ለማደር ፈልጎ ነው። እሱም ይገባኛል። ታዲያ ለምን ለኔ ሰጠኝ? መዝጋት ይችል ነበር። አንድ ጣት ነው የሚፈጀው። አልዘጋውም፤ ገልብጦ ሰጠኝ። እንዳየው ነው? እንዳላየው ነው? ወይስ ምንም አላሰበም፣ ስልኩ የኔ ስለሆነ ብቻ መለሰልኝ? ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም። ግን እንጃ።

አባቱም አሉ ደግሞ። ታውቃላችሁ፣ እኚህ ሰው ቡና ሲሸጡ መጀመሪያ ደውለው የባሕር ዳርን ዋጋ ይጠይቃሉ። እማማን ቴሌብር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እኔ ላስተምራት ስል አልገባትም ነበር፤ እሳቸው በአንድ ቡና ጨረሱት። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የማያውቁ ሰው አይደሉም። በማግስቱ ደግሞ አልተሻገሩም። ጓሯቸውን ሲያርሙ ዋሉ።

ስለዚህ ምናልባት ሁለቱም ተግባብተዋል። በኔ ስልክ፣ በኔ ፊት፣ እኔ ሳይገባኝ።

ልቀጥል። "ኔትወርክ ጠፋ" የምትለዋን ነገር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ብያታለሁ! አሠሪዎቼ ካሜራሽን አብሪ ሲሉኝና ከኋላዬ እማማ ሽሮ እያማሰለች ስትሆን። እህቴ ከጅዳ በኢሞ ደውላ ስለዚያ ሰውዬ ልትጠይቀኝ ስትጀምር። (የትኛው ሰውዬ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አልመለስበትም።) "አሎ? አሎ? አትሰሚኝም?" እያልኩ በጣቴ እዘጋዋለሁ። እሷም ታውቃለች። ቆይታ "አሁን መጣልሽ?" ብላ ትጽፍልኛለች። በፋይበር የሚኖር ሰው ይሄ የለውም። እሱ ካልመለሰ አልመለሰም ነው። እኛ ግን ሁሌ የምንሸሸግበት ነገር አለን። በየወሩ ለፓኬጅ ከምከፍለው ውስጥ የተወሰነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ግን ሰበብ የማያስፈልግበት ጊዜም አይተናል። በ2015 ነሐሴ ሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ሲቋረጥ "ኔትወርክ የለም" ያለ ሁሉ እውነቱን ነበር። ለወራት እውነት ነበር። ያኔ እኔ… እሱ ሌላ ቀን ይሁን። የዚያ ዓመት ውጤት የተለቀቀው በዚያው መሐል ነው። ከተፈተኑት 3.2 ከመቶ ብቻ ያለፉበት ዓመት። የአክስቴ ልጅ ቁጥሯን አዲስ አበባ ላለ ዘመዳችን በስልክ ነገረችው። አይቶ ደወለላት። ሲደውል "እንዴት ነሽ? እናትሽስ ደህና ናት?" አለ። እሷ ያኔውኑ ገባት። ውጤት ጥሩ ሲሆን ማንም መጀመሪያ ስለ እናት አይጠይቅም።

ያን ሰውዬ ተቀይሜው ነበር። ቶሎ አይናገርም ነበር እንዴ እያልኩ። አሁን ሳስበው፣ እሱም እኮ ከሷ ቀድሞ ማወቅን አልለመነም። ኢንተርኔት ያለው ቦታ ስለነበር ብቻ ነው። ለመደወል ስልኩን ሲያነሳ ምን ሲል ነበር? ስንት ጊዜ ነው አንስቶ ያስቀመጠው?

እሱ እንኳ ተጠይቆ ነው።

"ቡናው የት ይሄዳል" ያሉትም አልወጣልኝ አለ። የኛን አገር ነገር ታውቃላችሁ። የዘጌው ጻድቅ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት አድርገው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። በነዚህ ትኖራላችሁ፣ በሬ አትጥመዱ፣ ዛፍ አትቁረጡ የሚል ቃል አለበት። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ለዚህ ነው ይላሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያይ በጀልባ ለሚመጣ እንግዳ ይሄ በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔም ስነግራቸው ደስ ይለኛል፣ ፎቶም ያነሱኛል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈትኖ፣ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ለተመለሰ ልጅ ግን ቡናው ምኑ ነው? አባቱ ሊያጽናኑት ነው ያሉት። ሳይሆን አይቀርም። ወይም ራሳቸውን ነው። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ስሰማው ቀዘቀዘኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከተማ ትቼ የመጣሁት እኮ ወደዚሁ ቡና ነው። ለኔ ምርጫ ነው። ስልኬ መስኮት ላይ አለ፣ ደመወዜ በውሃው ላይ ይመጣል…

ተውት። ስለኔ አይደለም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሰላም ይለኛል። ማታ ማታ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ በኔ ሆትስፖት ቪዲዮ ያያል። አንዳንድ ቀን ጊጋዬን ጨርሶ ያድራል፤ ዝም እላለሁ። ድሮ እጮህበት ነበር፣ ሰምታችሁኛል። አሁን መጮህ አልቻልኩም። እሱም ይሄን ልብ ሳይል አይቀርም። አለመጮሄ ራሱ ነግሮት ይሆናል። ወይ ጉድ። አሁን ነው ይሄ የመጣልኝ።

ያ ገጽ እስካሁን ስልኬ ላይ ክፍት ነው። ልዘጋው እልና እጄ አይሄድም። የሱን ነገር አውጥቼ የጣልኩ ይመስለኛል። ደግሞ ማስቀመጤስ ምን ይባላል? እማማን ልጠይቃት ብዬ ነበር። ከጠየቅኳት ግን እሷም ልታውቅ ነው።

ይሄን ክፍልም ልልቀቀው አልልቀቀው ገና አልወሰንኩም። እሱ ይሰማኛል። ሁሉንም ነው የሚሰማው፤ ስለ ዶሮው ያወራሁበትን ክፍል በቃሉ ነው የሚያውቀው። የሚሰማኝ ደግሞ በኔው ዳታ ነው። ዛሬ ብለቀው ነገ ማታ እሱ አጥሩ ሥር፣ እኔ መስኮቱ ጋ… ምን ልለው ነው? "ሰማኸኝ?" ልለው ነው? ወይስ ያን ሰዓት ሆትስፖቱን ላጥፋው? "ምነው እታለም?" ቢለኝስ? ኔትወርክ ጠፋ ልለው? ወዲያው ነው የሚነቃብኝ። ማለቴ፣ ቢነቃም ምናልባት… እሱም አንድ መልስ ነው፣ አይደል? ወይም አይደለም። እንጃ።

መጣሁ እማማ!

እየጠራችኝ ነው። አሁን አልጭነውም። ሌሊት ፓኬጁ ሲጀምር አስብበታለሁ።