ሐይቁ እንዴት አደረ?

እንደምን ዋላችሁ! ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ቡና መጠጣት ስትችሉ እዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማወራችሁ ስለ አይልትስ፣ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ መመዘኛው ፈተና ነው፤ ለከፍተኛ ትምህርት የሚወሰደው የአካዳሚኩ የጽሑፍ ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ። ግራፍ፣ ቻርት ወይም ሠንጠረዥ ይሰጣችሁና ቢያንስ በ150 ቃላት ግለጹ ትባላላችሁ። ለሁለቱም ጥያቄዎች ያላችሁ 60 ደቂቃ ነው። ለዚህኛው ከ20 በላይ አታጥፉ፣ ቀጥሎ ያለው ድርሰት እጥፍ ክብደት አለው።

እኔ መጀመሪያ ስፈተን ባለ አራት መስመር ግራፍ ደረሰኝ። ደስ አለኝ። ከግራ ጀምሬ በዚህ ዓመት ይህን ያህል፣ በሚቀጥለው ይህን ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ይህን ያህል እያልኩ አንድም ቁጥር ሳላስቀር ደረደርኩት። ውጤቱ ሲመጣ የጽሑፉ ከሁሉም ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ምን እንዳጠፋሁ ጨርሶ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ሐይቁ ዳር ነው። አንድ ጠዋት አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን ወደ ዳር ጎትቶ ደንገሉ ውሃው እንዲንጠፈጠፍለት ሲያቆመው፣ በዚያ የሚያልፍ ሰው «ሐይቁ እንዴት አደረ?» አለው። «ሌሊቱን ጸጥ ብሎ አደረ፣ ሊነጋ ሲል ነፋስ ተነሳበት» አለ። በቃ። ሰውዬው ቆሞ ሲጠይቀው ነው ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ መረቡን የት ላይ እንዳነሳ የነገረው። ማዕበሉን አንድ በአንድ አልቆጠረለትም።

ኦቨርቪው የሚባለው ይኸው ነው። በጥቅሉ ምን ወጣ፣ ምን ወረደ፣ የቱ በለጠ። የነጥብ አሰጣጡን መስፈርት ብታነቡ ግልጽ ኦቨርቪው ሳይኖረው ዝርዝር ብቻ የሚደረድር መልስ በዚያ መስፈርት ከ9 5 ላይ ነው የተቀመጠው። እንግሊዝኛችሁ የፈለገውን ያህል ቢያምር!

ሌላው የእኛን ልጆች የሚጥለው ማወቃቸው ነው። የጣናን የውሃ ከፍታ በየወሩ የሚያሳይ ግራፍ መጣ እንበል። መስመሩ ሰኔ አካባቢ ታች ነው፣ ከዚያ ወጥቶ ወጥቶ መስከረም ላይ ጫፍ ይነካል። የባሕር ዳር ልጅ ይህን አይቶ እንዴት ዝም ይላል? ክረምቱ ነዋ፣ ሐምሌና ነሐሴ የወረደው ዝናብ፣ ግልገል አባይና ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት የመጡት ውሃ! ሁሉም እውነት ነው። ግን ግራፉ ላይ ዝናብም ወንዝም ከሌለ አትጻፉት። የተጠየቃችሁት ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይደለም፤ ሐሳባችሁን የምታወጡበት ድርሰቱ አለላችሁ።

ትንንሾቹ ቃላትም ነጥብ ይበላሉ። ኢንክሪዝድ ባይ 20 ስትሉ በ20 ጨመረ ነው፣ ኢንክሪዝድ ቱ 20 ስትሉ ግን 20 ደረሰ። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ግራፉን ሌላ ታደርገዋለች። ደግሞ ከ40 በመቶ ወደ 60 በመቶ የወጣን ነገር በ20 በመቶ ጨመረ አትበሉ፤ የጨመረው 20 የመቶኛ ነጥብ ነው፣ በመቶኛ ከተሰላ 50 በመቶ ይሆናል። ይህን ብዙ ጎበዝ ተማሪ ሲስተው አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ዓመቱ ያለፈ ከሆነ ግሱም ያለፈ ይሁን። ከ52 ወደ 54 ለሄደች መስመር ደግሞ ስለሸመደዳችሁት ብቻ ስካይሮኬትድ፣ ማለትም ተተኮሰች፣ ብላችሁ አትጻፉ፣ ትንሽ ከፍ አለች በሏት።

እንግዲህ ወንበራችሁ ላይ ያለውን ወረቀት ገልብጡት። ግራፍ አለው። ምንም ቁጥር የሌለባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉልኝ፣ ልክ ያ ሰው ስለ ሐይቁ እንደተናገረው። አምስት ደቂቃ አላችሁ። እስክሪብቶ ያልያዘ እጁን ያውጣ፣ አመጣለታለሁ።