ጋጩን የገደለ አረሙን ዘራ

ስለ ባሕር አረም፣ ማለትም ስለ አልጌ፣ እና ድንጋያማ አካል ስለሚሠራው የባሕር እንስሳ ስለ ኮራል ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያው መልስ እነሆ።

ጥያቄ፦ ዓሣ አረሙን ይበላዋል ይባላል። ታዲያ እንዴት ተርፎ ሪፉን፣ ኮራል የገነባውን የባሕር ውስጥ አለት፣ ይወርሳል?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም። አረም መሮጥ አይችልም። ስለዚህ ራሱን የማይበላ ያደርጋል። ዲክትዮታ የሚባለው ቡናማ አልጌ ብዙ ዓሣ የሚጠላው ኬሚካል አለው። ተርቢናሪያ ጠንካራና እሾሃማ ነው። እኔ ግን የማደንቀው ሃሊሜዳን ነው። ሰውነቱ በኖራ የተሞላ ነው፤ ኖራ ማን ያኝካል? ለጋው ግን ገና ኖራ አልያዘም። እናም ጋጮቹ፣ አረም የሚግጡት ዓሦች፣ ሲተኙ በሌሊት ያበቅለዋል። ለጋው ነጭ ሆኖ፣ መርዙን ታጥቆ ይወጣል። ሊነጋ ሲል አረንጓዴ ይለብሳል። ብልጥ ነው እኮ!

ይህ ሁሉ ብልጠት ግን ብቻውን ሪፍ አያስወርስም። ጋጮቹ በዓይነትም በቁጥርም ከበዙ፣ አንዱ የጠላውን ሌላው ይበላዋል፤ ብዙውንም በቡቃያነቱ ይቀጩታል። ስለዚህ ጋጩን አትንኩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ አረሙ ነው ኮራሉን የሚገድለው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ሙቀት ወይም ማዕበል ይገድለዋል፣ አረሙ ባዶ ቦታውን ይይዛል። እንደ ክሎሮዴስሚስ ያለው አረም ግን ሲነካው ብቻ በኬሚካሉ ያቆስለዋል።

ጥያቄ፦ የባሕር ጃርት ወግቶኝ እሾሁ እግሬ ውስጥ ቀርቷል። በመርፌ ላውጣው?

መልስ፦ አይሆንም። ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ማታ በባትሪ እየጠለቅን በቀቀን ዓሣ እንወጋለን። ተኝቶ ነው የምናገኘው። ጥቂት ሰዎች ነን፤ ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስላልደበቅከኝ አመሰግናለሁ። አሁን ግን ቁጭ በል፣ ረዘም ይላል።

አዎ፣ ሌሊት ይተኛል። አንዳንዱ ዝርያ እንዲያውም ከአፉ ባወጣው ልጋግ ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው። የተኛን መውጋት ጉብዝና ነው? ደግሞ ትልልቆቹን እንደምትመርጡ አውቃለሁ። በመንቁራቸው አለቱን ፍቀው አልጌውን የሚያነሱት እነሱ ናቸው።

"ጥቂት ነን" ላልከው ጃማይካን ልንገርህ። እዚያ ጋጭ ዓሣ በአጥማጆች ተመናምኖ ነበር። ሪፉ ግን ደህና ይመስል ነበር። ለምን? ዲያዴማ የሚባለው የባሕር ጃርት የዓሣውን ሥራ ይሠራ ስለነበር። በ1980 አለን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረው። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ በሽታ ካሪቢያን ውስጥ ከነበረው ዲያዴማ ከ90 በመቶ በላዩን ፈጀው። ተተኪ ጋጭ አልነበረም። ከሪፉ ግማሽ ያህሉን ይሸፍን የነበረው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። አረሙ ከ4 በመቶ ወደ 92 በመቶ ወጣ። ይህን ያዩ አገሮች አሉ፤ ቤሊዝ በ2009 በቀቀን ዓሣን ማጥመድ በሕግ ከለከለች።

አረሙ አንዴ ጫካ ከሆነ ደግሞ ጋጮቹ ራሳቸው መጠጋት ይፈራሉ። የኮራል እጭም ሽታውን ሸሽቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ባትሪህን ቤት ተወው። ጋጩን አትንካ።

ጥያቄ፦ ጫካ የሆነውን የሚበላ ዓሣ ጭራሽ የለም?

መልስ፦ አለ፣ ግን ያልጠበቅነው ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ ተመራማሪዎች ጋጭ እንዳይገባ አጥረው አረም አሳደጉ። አጥሩ ሲነሳ በዋናነት ያጸዳው በቀቀን ዓሣ አልነበረም። አረም ይበላል ተብሎ ያልተጠረጠረ፣ የሌሊት ወፍ ዓሣ የሚባል ነበር! በ2006 ታትሟል። ስለዚህ "ይሄኛው አይጠቅምም" ብላችሁ አትፍረዱ።

ጥያቄ፦ አረሙን በእጃችን ብንነቅለውስ?

መልስ፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የተበጠሰው ቁራጭ ሌላ ቦታ ሊበቅል ይችላል፤ አለቱን የያዘበት ግርጌ ከቀረም ያቆጠቁጣል። አካባቢውን የሚያውቅ የባሕር ባለሙያ ሳታማክሩ አትጀምሩ። ጋጭ ከሌለ ደግሞ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ትናንት የሪፍ ዓሣ በላሁ። ዛሬ ከንፈሬን ይነዝረኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስነካ ያቃጥለኛል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሊገናኝ ይችላል። አልጌ ላይ የሚኖር በዓይን የማይታይ ፍጥረት መርዝ ይሠራል። መርዙ አልጌውን በጋጠው ዓሣ በኩል ወደ ሰው ይደርሳል፤ ማብሰልም አያጠፋውም። አሁን ስልኩን ይዝጉና ሐኪም ቤት ይሂዱ። ምን ዓሣ እንደበሉም ይንገሯቸው።